ሽቦው በላያቸው አልፎ እኛ ጋ ደረሰ፦ የመብራት ታሪክ ከቤተ መንግሥት እስከ ሆዳን

እዚህ ከተማ ያላችሁ፣ አሊ አዴና ሆልሆል ያላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ገጽ በስልክ የምትከታተሉ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ታገሡኝ፤ ያስተማሪ ነገር፣ አሳጥሬ መናገር አይሆንልኝም።

ጉዳዩ መብራት ነው። «መንግሥት መብራት ላልደረሳቸው የገጠር ቀበሌዎች ኤሌክትሪክ ሊያስገባ አቅዷል» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ይሞላል። «መምህር፣ እውነት ነው? የእኛም ቀበሌ ይደርሰው ይሆን? እማዬ ከዚህ ኩራዝ ትገላገል ይሆን?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ ሆኖ አዎ ወይም አይ ብሎ የሚመልስ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ታሪኩን ግን ማወቅ እንችላለን። ታሪኩን ያወቀ ሰው ደግሞ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ዓመቶቹን እዚህ በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። እኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» ነው የምንለው። «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ»፣ «መብራት ኃይል ሠራተኞች መጡ» እንላለን። ወፍጮውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የስልኩ ቻርጅም ሁሉም በእኛ አፍ መብራት ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ የታየው ብርሃን ሆኖ ነው፤ ያየውም ጥቂት ሰው ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የገባው የመጀመሪያው ጄኔሬተር ያበራው ቤተ መንግሥቱን ነበር። ከዚያ በኋላ በ1932 በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አቅሙ ወደ 6 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ዛሬ ስንሰማው ትንሽ ነው፤ ለዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ልብ በሉ፣ ወንዙ የሚያልፈው በገበሬ መሬት ነው፤ ኃይሉ የሄደው ወደ ከተማው ነው። ይህ አካሄድ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አልተለወጠም።

በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ወላጆቻችን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚሉት ከዚህ ስም የመጣ ነው። በ1960 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ አዋሽ ላይ ተመረቀ፤ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ቀጥሎ በ1964 ጢስ ዓባይ፣ በ1973 ደግሞ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ፊንጫ መጡ። ወንዞቹ የገጠር፣ ግድቦቹ የገጠር፣ ለሐይቁ ሲባል የተነሣው ሰው የገጠር ነው። ተጠቃሚው ግን ከተማውና ፋብሪካው ነበር። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ተወልዶ በኩራዝ ያጠና ሰው ቢነግራችሁ አትገረሙ፤ የሽቦው መንገድ እንዲህ ነው የተሠራው።

ከዋናው መስመር ርቀው ለነበሩ ትንንሽ ከተሞች የተሰጣቸው የናፍጣ ሞተር ነበር። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሞተሩ ምሽት ላይ ይነሣል፣ ሌሊት ላይ ይጠፋል። ናፍጣው ካልመጣ ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ሬዲዮ ያዳምጣል፣ ልብስ ይተኩሳል፣ ተማሪው ይሽቀዳደማል። ከከተማዋ ጫፍ አልፎ ላለው ገበሬ ግን ይህም ቢሆን የሩቅ ብርሃን ነበር።

በደርግ ጊዜ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ተሠራ። በ1985 ሚቶ በምትባል የገጠር መንደር የሶላር ማመንጫ ተተከለ። አቅሙ 10 ኪሎ ዋት ገደማ ሲሆን ከዚያው ከመንደሩ ማመንጫ በተዘረጋ ሽቦ ለ300 ያህል ቤተሰቦች መብራት ይሰጥ ነበር። በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውኃ ፓምፕና ወፍጮ ጭምር እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። ይህን ያነሣሁት ለምንድን ነው? ዛሬ «ሚኒ ግሪድ» እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚነገረው ነገር በአገራችን 40 ዓመት የሞላው መሆኑን እንድታውቁ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ካወቅን ቆይተናል። የጎደለው አንዱን መንደር መቶ፣ መቶውን ደግሞ ሺህ ማድረግ ነው።

ከዚያ ዘመነ ኢሕአዴግ መጣ። በ1997 ባለሥልጣኑ ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2003 የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። በ2005 ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀመረ። ይህ ፕሮግራም በታሪካችን ትልቁ የገጠር መብራት ዘመቻ ነበር፤ ነገሩን ሚዛናዊ ሆነን እንየው። መብራት ያላቸው ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ቁጥር ከጥቂት መቶዎች ተነሥቶ ወደ ብዙ ሺህ ደረሰ። ምሰሶ አይተው የማያውቁ አካባቢዎች ምሰሶ አዩ።

ግን ቆጠራው ላይ አንድ ነገር ነበር፤ እዚህ ጋ በደንብ አስተውሉ። የሚቆጠረው ቀበሌው እንጂ ቤቱ አልነበረም። መስመሩ ቀበሌዋ ደርሶ ትራንስፎርመር ከተተከለ ቀበሌዋ «መብራት አግኝታለች» ተብላ ትመዘገባለች። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ሱቅ፣ ጤና ጣቢያውና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይገባላቸዋል። ከመንገዱ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ያለው ገበሬ ግን ለቆጣሪው፣ ለሽቦውና ለምሰሶው የሚከፍለው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ስለዚህ አገሩ በወረቀት በራ፣ ቤቱ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ኋላ ላይ ጥናቶች ያሳዩት ይህንኑ ነው። ከሕዝቡ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ለመስመሩ ቅርብ በሆነ ቦታ ይኖራል፤ በዋናው መስመር መብራት የገባለት ቤት ግን ሲሦ ብቻ ነበር። ሽቦው በቅርብ ያልፋል፣ ቤቱ አይገባም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ጅቡቲ እንምጣ። በ2011 ከድሬዳዋ አቅጣጫ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 283 ኪሎ ሜትር፣ ኃይሉ 230 ኪሎ ቮልት ሲሆን ገንዘቡን ያበደረው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። ከዚያ በፊት ይህች ከተማ የምትኖረው ከውጭ በሚገባ ነዳጅ በሚሠራ ጄኔሬተር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ የምትጠቀመው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ወንዞች የሚመጣ ነው። ሆዳን ውስጥ በካምሲን ወቅት፣ አየሩ እንደ እሳት ሲነድ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞረው ቬንቲላተር የሚዞረው በአብዛኛው በዚያ ውኃ ነው። እኛ ወንዙን ትተን መጣን፣ ወንዙ ተከትሎን መጣ ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ለጅቡቲ ይህ መልካም ነገር ነው፤ የጎረቤት ጥቅም የእኛም ጥቅም ነው። እኛም በእንግድነት የተቀመጥነው በዚሁ መብራት ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መስመሩ የሚያልፈው በሶማሌ ክልል፣ በአርብቶ አደር መሬት ነው። ከብረት ማማዎቹ ሥር ግመል ይጠጣል፣ ልጅ ይጫወታል። ማታ ሲሆን ግን ከማማው ሥር ያለው ጎጆ ጨለማ ነው። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከላዩ በተዘረጋ ሽቦ ኃይል እየሳበ ይሄዳል። በአሊ ሳቢዬ፣ በሆልሆል አድርጎ ናጋድ ይገባል። ሆልሆል ያላችሁ ወገኖች ባቡሩን ታዩታላችሁ። ኤሌክትሪክ በአጠገባችሁ ያልፋል፤ ስልካችሁን ግን በሶላር ነው ቻርጅ የምታደርጉት።

«ለምን ከዚያው ሽቦ ቆንጥረው አይሰጧቸውም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተማሪዎቼም ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ መልሱ ቀላል ነው። የሩቅ መስመር ላይ ያለው ኃይል በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ቤት አይገባም። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ነው፤ መስመሩ ላይ ያለው 230,000 ቮልት ነው፤ ከሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ወደ ቤት ለማምጣት መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት፤ ከዚያ በየመንደሩ ትራንስፎርመር እንደገና ይወርዳል። ያ ማከፋፈያ ጣቢያ እጅግ ውድ ነው። ለባቡርና ለትልቅ ከተማ ሲሆን ይሠራል፤ ተበታትነው ለሚኖሩ ሁለት መቶ ጎጆዎች ሲሆን ሒሳቡን የሚሠራው ባለሙያ «አያዋጣም» ይላል። ሽቦው በላያቸው የሚያልፈው ሰው ስለጠላቸው ሳይሆን ሒሳቡ እነሱን ስላልቆጠራቸው ነው። ውጤቱ ግን ለጨለማው ቤት አንድ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መንግሥት ራሱ ይህን ተረድቶ በ2017 ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም አወጣ፤ በ2019 ደግሞ አሻሽሎ ሁለተኛውን ዕቅድ አቀረበ። በዚያ ዕቅድ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግልጽ ነበር። በወቅቱ መብራት የሚያገኘው ሕዝብ 44 በመቶ ሲሆን 33ቱ በዋናው መስመር፣ 11ዱ ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ ማለትም በሶላር ነበር። ግቡ በ2025 ሁሉንም ሰው ማዳረስ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሶላርና በሚኒ ግሪድ። እንደ ኦሞራቴና በልቱ ባሉ ሩቅ ከተሞች የሶላር ሚኒ ግሪድ ተሠራ። ዓለም ባንክም ለዚህ ሥራ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አጸደቀ።

2025 መጣ፣ አለፈም። መካከሉ ላይ ጦርነት ነበር፤ መስመር ተበጠሰ፣ ትራንስፎርመር ተቃጠለ፤ የውጭ ምንዛሬ እጥረትም ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ብዙዎቻችን በስደት ሆነን እንኳ ደስ ብሎናል፤ ከደመወዛቸው ቦንድ የገዙ ዘመዶች ያሉን ነን። ነገር ግን ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ አሁንም መብራት የለውም። ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። እንስራ ሙሉ ውኃ ያለው ቤት ውስጥ ኩባያ ከሌለ የተጠማው ሰው አይጠጣም።

ከመስመር ውጭ ያለው መንገድ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ የምትባል መንደር አለች። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አንድ የጀርመን በጎ አድራጎት ድርጅት በየቤቱ ትንንሽ ሶላር አስገባላት፤ ሥራው አድጎ ሁለት ሺህ ያህል ቤቶችን ደረሰ። ለእኔ የሬማ ቁም ነገር ሰሌዳው አይደለም፤ እዚያው የሶላር ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው። የሚጠግን ሰው ከዚያው ሰፈር ሠልጥኖ ወጣ። በሌሎች ብዙ ቦታዎች የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ሶላሩ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በሁለተኛው ዓመት ባትሪው ይሞታል፣ ሰሌዳው ጣሪያ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሶላር ራሱ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ቶሎ የሚሞተው ባትሪው ነው። ስለዚህ «ባትሪው ሲሞት ማን ይተካዋል?» ያላለ ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

ከጎረቤትም እንማር። ኬንያ ውስጥ ሰው ሶላሩን በብድር ወስዶ በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ በስልኩ እየከፈለ ነው የራሱ የሚያደርገው፤ ይህ አሠራር ከ2012 ጀምሮ ተስፋፍቷል። የቻሉት በስልክ ገንዘብ መላክ ከ2007 ጀምሮ ስለነበራቸው ነው። እኛ ጋ ቴሌብር የመጣው በ2021 ነው። አሁን መንገዱ ተከፍቷል፤ የሚቀረው ባትሪው ሲያልቅ አገልግሎት የሚሰጥ ነጋዴና ጥራቱን የሚቆጣጠር መንግሥት ነው።

ሩቅም እንሂድ። በ1930ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከዐሥር የገበሬ ቤት መብራት የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ «ገበሬው ተበታትኖ ነው የሚኖረው፣ አያዋጣም» ይሉ ነበር፤ ልክ እንደ እኛው ሒሳብ ሠሪ። በ1935 መንግሥት የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአነስተኛ ወለድ ማበደር ጀመረ። ገበሬዎቹ ማኅበር ሆነው መስመራቸውን ራሳቸው ዘረጉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዐሥሩ ዘጠኙ ገደማ መብራት ነበራቸው። «አያዋጣም» የሚለው ቃል የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። አስቀድሞ ማን እንደሚከፍልና በስንት ዓመት እንደሚከፍል ከተወሰነ ያዋጣል።

«ስደተኛ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። በሁለት በኩል ያገባናል።

አንደኛ፣ ቤተሰቦቻችን እዚያ ናቸው። ስንቶቻችን ነን ወደ አገር ቤት ደውለን «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የሚል ድምፅ ሰምተን ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛን? ከሌሊቱ ስንት ነገር እናስባለን። በማግሥቱ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ቻርጅ ማለቁ ነው። አባት የስልኩን ባትሪ ለማስሞላት የገበያ ቀን ጠብቆ፣ ሰዓታት በእግሩ ተጉዞ፣ ከተማ ላይ ከፍሎ ይመለሳል። እናት ልጅዋን ምጥ ሲይዛት ጤና ኬላው የሚያበራው የስልክ ባትሪ ነው። እኔ በሙያዬ አስተማሪ ነኝ፤ በኩራዝ ያጠና ልጅ ዓይኑ በጢሱ ቀልቶ፣ ደብተሩ በላምባ ሸትቶ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በተለይ ሴቶቹ ልጆች ቀኑን ውኃና እንጨት ሲያመጡ ይውላሉ፤ የጥናት ሰዓታቸው ሌሊቱ ብቻ ነው። ሌሊቱ ጨለማ ከሆነ የጥናት ሰዓት የላቸውም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እኛ ራሳችን ከዕቅድ ውጭ የምንቀር ሰዎች ነን። አገር የመብራት ዕቅድ ሲያወጣ የሚቆጥረው ቀበሌና ወረዳ ነው፤ ካምፕ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ውጭ ነው፤ «ጊዜያዊ ነው» ይባላል። አሊ አዴ ውስጥ ተወልደው እዚያው ወላጅ የሆኑ ሰዎች አሉ። ይህ ምኑ ጊዜያዊ ነው? በሌላ ቦታ ግን መንገድ ተገኝቷል። ዮርዳኖስ ውስጥ ያለው የአዝራቅ ካምፕ ከ2017 ጀምሮ የራሱ የሶላር ማመንጫ አለው። በእኛው አገር በዶሎ አዶ አካባቢ የሶማሊያ ወንድሞቻችን ባሉባቸው ካምፖች ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ አንድ ላይ ሆነው የሶላር ኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው መስመሩን ያስተዳድራሉ፣ ይጠግናሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስደተኛ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ጅቡቲ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ይህች አገር ራሷ በ2035 ኤሌክትሪኳን ሙሉ በሙሉ ከታዳሽ ኃይል ለማግኘት አቅዳለች፤ በ2023 በጉቤት 60 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል አስመርቃለች። በዚያ ዕቅድ ውስጥ ካምፖቹም እንዲቆጠሩ መጠየቅ ልመና ሳይሆን የጋራ ጥቅም ነው፤ ካምፑ ሲበራ አጠገቡ ያለው የጅቡቲ መንደርም ይበራል።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ «መብራት ሊገባ ነው» የሚል ዜና ስታዩ ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ፣ ዝም ብላችሁም አትሳደቡ። አራት ጥያቄ ጠይቁ።

1. ስንት ቀበሌ ሳይሆን ስንት ቤት ነው ቆጣሪ የሚገባለት?
2. በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚበራው? አምፖል ብቻ ነው ወይስ ወፍጮም ያዞራል?
3. ለማስገባት አንድ ቤተሰብ ስንት ይከፍላል? በአንዴ ነው ወይስ በየወሩ?
4. ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ጠጋኙ የሚኖረው የት ነው?

አገር ቤት ያላችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በቀበሌ ስብሰባ ላይ ጠይቁ፤ የፖለቲካ ጥያቄ አይደሉም፤ የቤት ጥያቄ ናቸው። ካምፕ ያላችሁ የስደተኛ ኮሚቴው ከረጂ ድርጅቶች ጋር ሲቀመጥ አራተኛውን ጥያቄ አትርሱ። እዚህ ከተማ ያለን ደግሞ ለቤተሰብ ሶላር ገዝተን ስንልክ ዋጋውን ብቻ አንይ፤ ዋስትና ያለው፣ ባትሪው ለብቻው የሚቀየር፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ይሁን። ርካሹ በስድስት ወር ሲሞት እንደገና የምትገዙት እናንተ ናችሁ።

ቤተ መንግሥቱ ከበራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ መብራት የደረሰው መጀመሪያ የተቆጠረው ሰው ነው። የእኛ ሰዎች እንዲቆጠሩ እኛ ካልጠየቅን ማንም አይጠይቅላቸውም።

በየአካባቢያችሁ ያለውን ሁኔታ ከታች ጻፉልኝ፤ መብራት የገባበት ዓመት፣ የሚጠፋበት ሰዓት፣ ሶላር የታደለበት ቦታና የቆየበት ጊዜ። ሰብስበን ብናስቀምጠው የእኛው መዝገብ ይሆናል። ለዘመድ አጋሩት፤ ስልኩ የጠፋበት ዘመድም ቻርጅ ሲያገኝ ያነበዋል።

ሰላም እደሩ።